ኪሎ ሜትሩ ሳይሞላ የሚደክም መኪና፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ቅንጡ መኪናዎች አያያዝ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስድስቱን በዚህ ዕትም አስተናግደናል። ጸሐፊዎቹ በሙሉ መሀል አዲስ አበባ የሚኖሩ ወይም የሚሠሩ ናቸው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ ሰፈራቸውን ብቻ ጠቅሰናል፤ ረዘም ያሉትንም ደብዳቤዎች ፍሬ ነገራቸውን ሳንለቅ አሳጥረናል።

ማንን ልመን፣ መኪናውን ወይስ መካኒኬን?

ጥያቄ፦ በፈረንጆቹ 2017 የተሠራ ቢኤምደብሊው 530አይ እነዳለሁ። ቤቴ ሳር ቤት፣ ቢሮዬ አራት ኪሎ ሲሆን ከዚህ የራቀ ጉዞ በወር አንድ ጊዜ እንኳ አላደርግም። ዘይት ከቀየርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። የመኪናው ስክሪን እስከሚቀጥለው ቅየራ ገና 9,000 ኪሎ ሜትር እንደሚቀረኝ ይነግረኛል፤ መካኒኬ ግን 5,000 ከሞላ አንድ ቀን እንዳላሳልፍ ያስጠነቅቀኛል።

መልስ፦ ለእርስዎ አነዳድ መካኒክዎ ወደ እውነቱ ይቀርባል። የሞተር ዘይት የሚያረጀው ጎማው በዞረ ልክ ሳይሆን ሞተሩ በሠራ ልክ ነው። በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና 15,000 ኪሎ ሜትር ሲጨርስ ሞተሩ የሠራው 250 ሰዓት ነው። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሆነ መኪና ግን ያንኑ ርቀት ለመጨረስ 1,000 ሰዓት ይፈጅበታል። በዝግታ የሚሠራ ሞተር አንድ ሰዓት በሙሉ ጉልበቱ ከሚሠራው ጋር እኩል አይደክምም፤ ይሁን እንጂ አራት እጥፍ የሆነ ልዩነት በዚህ ብቻ የሚካካስ አይደለም።

በዚህ ላይ የጉዞዎ ማጠር ይታከልበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ የራዲያተሩ ውኃ ቶሎ ቢሞቅም ዘይቱ ከእሱ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ ቢሮዎ ሲደርሱ ገና መሞቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ በደንብ ካልሞቀ በቀዝቃዛው ሞተር ውስጥ ሾልኮ የሚገባበት ቤንዚንና ከቃጠሎው የሚመጣው እርጥበት ተንነው አይወጡም፤ እዚያው እየተከማቹ ዘይቱን ያቀጥኑታል። የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ጨርሶ አይመለከትም ማለት አይደለም፣ የፈጀውን ነዳጅና የተጓዘበትን ሁኔታ እየቆጠረ ያሰላል፤ ነገር ግን ስሌቱ የተቀመረው መኪናው አልፎ አልፎም ቢሆን ረጅም መንገድ ያገኛል በሚል ግምት ነው።

መላምቱን ትተው ራስዎ ሊለኩት ይችላሉ። አማካይ ፍጥነት የሚያሳየውን ገጽ ከፍተው ወደ ዜሮ ይመልሱትና አንድ ወር ይጠብቁ። ቁጥሩ ከ20 በታች ከሆነ በ5,000 እና በ6,000 ኪሎ ሜትር መካከል፣ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ቢበዛ በዓመት አንድ ጊዜ ዘይቱን ከነፊልትሮው ይቀይሩ።

ስለ ዘይቱ ዓይነት አልጠየቁም፤ እኔ ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በጣሳው ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው «5ደብሊው-30» የዘይቱን ቅጥነትና ውፍረት እንጂ ለሞተርዎ የተፈቀደ መሆኑን አይገልጽም። ፈቃዱ በጀርባው በትንንሽ ፊደል የሚጻፈው ነው፤ ለቢኤምደብሊው «ሎንግላይፍ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ቁጥር ይኖረዋል፣ ለመርሴዲስ «229» ብሎ የሚጀምር ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጋር ካልተመሳሰለ ሻጩ ምንም ያህል ቢያሞግሰው አይግዙት። ደግሞም መኪናዎ እንደ ድሮዎቹ ሞተሮች በጨርቅ ጠርገው የሚያዩት የዘይት መለኪያ ዘንግ ስለሌለው፣ በስክሪኑ የሚለኩት ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናው በተስተካከለ መሬት ላይ ቆሞ መሆን አለበት። በዚህች ቁልቁለትና ዳገት በበዛባት ከተማ ይህ ቀላል የሚመስል ሁኔታ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ጠዋት ጠዋት ተንበርክኮ የሚገኘው መርሴዲስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የተወልኝ የ2014 ሥሪት መርሴዲስ ኤስ 500 አለኝ፤ ካዛንቺስ ነው የምኖረው። ከሁለት ወር ወዲህ ጠዋት ስነሣ የፊት ግራው ወርዶ፣ ልክ እንደተንበረከከ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሞተሩ ሲነሣ ቀስ ብሎ ይቆማል። የወሰድኩበት ጋራዥ አየር የሚባለውን ነገር አውጥቶ በብረት ስፕሪንግ ቢተካልኝ እንደሚሻል ነገረኝ። ልጆቼ ደግሞ እስኪብስበት ተይው ይላሉ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የልጆችዎን ምክር አይቀበሉ፤ የጋራዡንም ለጊዜው ያቆዩት።

የእርስዎ መኪና የተቀመጠው በአራት ማዕዘን ባሉ የጎማ የአየር ከረጢቶች ላይ ነው። ከረጢቶቹን የሚሞላ አንድ ኮምፕሬሰር፣ አየሩንም ወደየማዕዘኑ የሚያከፋፍል የቫልቭ ሳጥን አለ። አንዱ ማዕዘን ብቻ ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዚያው ከረጢት መሰንጠቅ ወይም የመግቢያ ቫልቩ መልቀቅ ነው። ይህ በሳሙና ውኃ ይለያል፦ መኪናው ከፍ ባለበት ሰዓት የአረፋ ውኃ በከረጢቱና በቱቦው መጋጠሚያ ላይ ይረጫል፤ አየር የሚያመልጥበት ቦታ አረፋ ይነፋል። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ይህን ምርመራ ሳያደርግ «ሁሉም ይውጣ» የሚል መካኒክ የሚያውቀውን ሥራ እየሸጠልዎት እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

እስኪብስ መተው አደገኛ የሚሆነው በከረጢቱ ምክንያት አይደለም። መኪናው ያመለጠውን አየር በየጠዋቱ ለመመለስ ኮምፕሬሰሩን ያሠራዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ኮምፕሬሰሩም ያንኑ ግፊት ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት ግድ ይለዋል። ለደቂቃ እንዲሠራ የተሠራ ዕቃ ሲደጋገምበት ይግላል፣ የውስጥ ማኅተሙ ያልቃል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ እርጥበት የሚመጥጥለት ማድረቂያው ይሞላና ውኃ ወደ ቫልቮቹ ይገባል። በዚህ መንገድ አንድ ከረጢት ቀይረው የሚገላገሉት ነገር ወደ ሦስት ዕቃ ይሸጋገራል። ኮምፕሬሰሩ ተበላሽቶ ከተገኘም እሱን የምታበራና የምታጠፋውን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ ሪሌዋን፣ አብረው ያስቀይሩ፤ አሮጌዋ ከተጣበቀች አዲሱን ኮምፕሬሰር ያለማቋረጥ አሠርታ ታቃጥለዋለች።

ወደ ብረት ስፕሪንግ መለወጥ ኃጢአት አይደለም፣ በርካሽነቱም የሚመርጡት ሰዎች አሉ። ነገር ግን ከፍታውን የሚለኩት ሴንሰሮች፣ የሾክ አብዞርበሮቹ ኤሌክትሮኒክስና የመኪናው የምቾት ባሕርይ ሁሉ በአየሩ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ በኮምፒውተር በአግባቡ ካልተስተካከለ ማስጠንቀቂያው ከዳሽቦርዱ አይጠፋም፤ ለመሸጥ ቢያስቡም ገዢው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በአገር ውስጥ ያለ በደንብ የተያዘ ኤስ ክላስ ምትኩ በቀላሉ የማይገኝ ሆኗል፤ ስለዚህ መኪናውን በፋብሪካው እንደተሠራ መጠበቅ ለእኔ ሚዛን ይደፋል።

አንድ ነገር ለመካኒኩ እባክዎ ይንገሩልኝ፦ የአየር ከረጢት ያለው መኪና በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ከሥሩ የሚገባ ሰው መኪናውን በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ብረት መቆሚያ ላይ ማሳረፍ አለበት።

አዲስ ባትሪ ገዝቼ የማስጠንቀቂያ መብራቱ በዛ

ጥያቄ፦ ፒያሳ ሱቅ አለኝ፤ ሥራዬ ወደ ውጭ አገር ያመላልሰኛል። ለሦስት ሳምንት ሄጄ ስመለስ መኪናዬ አልነሣ አለ፣ በሩም በሪሞት አልከፈትም አለ። ባትሪው ሞቷል ተብዬ አዲስ ገዛሁ። አሁን ይነሣል፤ ነገር ግን ሞተሩ መብራት ላይ ሲቆም በራሱ መጥፋቱን ትቷል፣ ስለ ፍሬንና ስለ መሪ የሚያስጠነቅቁ መብራቶችም ብልጭ ይላሉ።

መልስ፦ የጻፉት ታሪክ ሁለት ጥያቄ አለበት። አንደኛው አዲሱ ባትሪ ለምን አልተስማማም የሚለው ነው። ሞተራቸውን በራሳቸው የሚያጠፉና የሚያስነሡ መኪናዎች ኤጂኤም የሚባለውን፣ አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ የተመጠጠበትን ባትሪ ይፈልጋሉ፤ የተሸጠልዎት ተራው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ትክክለኛው ቢሆን እንኳ ብዙዎቹ የአውሮፓ መኪናዎች ባትሪው መቀየሩን በኮምፒውተር እስኪነገራቸው ድረስ ያረጀውን ባትሪ እንደያዙ ቆጥረው ኃይል ይሞሉበታል፣ አዲሱንም ያለ ዕድሜው ያስረጁታል። ስለዚህ በጎኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነትና የአምፔር-ሰዓት መጠን ከአሮጌው ጋር ያመሳክሩ፤ ከዚያ በኮምፒውተር ያስመዝግቡት። የፍሬኑና የመሪው መብራቶች ከዝቅተኛ ቮልቴጅ የመጡ ከሆኑ ከምዝገባውና ከጥቂት ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ይጠፋሉ፤ ካልጠፉ ግን የፍሬን ነገር ስለሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ያስመርምሩ።

ሁለተኛው፣ ያልጠየቁት፣ አሮጌውን ባትሪ ምን ገደለው የሚለው ነው። ጤነኛ መኪና ተቆልፎ ሲተኛ ከ50 ሚሊአምፔር ያነሰ ኃይል ይወስዳል፤ ይህ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ያህል ስለሆነ 90 አምፔር-ሰዓት ያለው ባትሪ ግማሹ ለማለቅ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። አንድ ክፍል ሳይተኛ ቀርቶ ግማሽ አምፔር ቢስብ ግን ያው ግማሽ አራት ቀን አይሞላም። የሦስት ሳምንቱ ነገር እንግዲህ ባትሪው ቀድሞ ተዳክሞ ነበር፣ ወይም የማይተኛ ነገር አለ ማለት ነው። ጥሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መኪናውን ቆልፎ ሰዓት ያህል ከጠበቀ በኋላ ፍሰቱን ለክቶ ይለየዋል። በኋላ የተገጠመ ጂፒኤስ ወይም ማንቂያ ደወል ካለ ፍተሻው ከዚያ ይጀመር። ቁልፉንም መኪናው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉ ከሆነ ያርቁት፤ አንዳንድ ሞዴሎች ቁልፉን በቅርብ ሲያገኙት እየደጋገሙ ይነቃሉ።

በሩ አልከፈት ባለዎት ጊዜ መፍትሔው በእጅዎ ነበር። በሪሞቱ ሆድ ውስጥ ተስቦ የሚወጣ የብረት ቁልፍ አለ፤ መክፈቻ ቀዳዳው በሹፌሩ በር እጀታ ላይ፣ አንዳንዴም በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። ባትሪው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለባቸው መኪናዎችም ኃይል የሚበደሩት ኮፈኑን ከፍተው በሚያገኟቸው መቀበያ ነጥቦች በኩል ነው።

ወደ እንጦጦ ስወጣ ይግላል፣ ስወርድ ፍሬኑ ይለሰልሳል

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቤን ይዤ ወደ እንጦጦ ፓርክ እወጣለሁ። መኪናዬ ሬንጅ ሮቨር ነው። ዳገቱ ላይ ሙቀቱ ስለጨመረ ቆሜ የማቀዝቀዣ ውኃውን ክዳን ልከፍት ስል ወንድሜ ከለከለኝ፤ በኋላ ሲበርድ የቧንቧ ውኃ ሞላሁበት። ስንወርድ ደግሞ የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው ይልቅ ወደ ውስጥ ገባብኝ።

መልስ፦ ወንድምዎን ያመስግኑልኝ። በአዲስ አበባ ከፍታ በክፍት ድስት ያለ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት። የዘመኑ ሞተር ደህና ሆኖ ሳለ እንኳ እስከ 105 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይሠራል፤ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለያዘለት ብቻ ነው። ያን ክዳን በሙቀቱ ሲከፍቱት ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊት ላይ ይፈነዳል። በባሕር ዳርቻም አደገኛ የሆነ ነገር እዚህ የባሰ የሆነው ለዚህ ነው።

የግፊቱ ነገር የሚያመለክተን ሌላም አለ፦ ማኅተሙ የላላ ክዳን ሳይፈስ፣ ሳይንጠባጠብ፣ በዳገት ላይ ብቻ ሞተር ያግላል። ስለዚህ ራዲያተር ከማስወረድዎ በፊት ክዳኑን ያስቀይሩ፤ የማቀዝቀዣ ሥርዓቱንም ሲበርድ በግፊት መፈተሻ ያስፈትሹ፤ የቴርሞስታትና የውኃ ፓምፕ መጋጠሚያዎች ፕላስቲክ ከሆኑ በዕድሜ ይሰነጠቃሉና እነሱም ይታዩ። የቧንቧውን ውኃ አስወጥተው መመሪያው የሚያዘውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከተጣራ ውኃ ጋር በልኩ ያስሞሉ። ቀለሙን አይተው ቀይ በቀይ፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ ብለው አይጨምሩ፤ ቀለም የአምራቹ ምርጫ እንጂ የይዘቱ ምስክር አይደለም፣ የማይስማሙ ሁለት ዓይነቶች ሲቀላቀሉም እንደ ሙቅ ረግተው ቀጭኑን መተላለፊያ ይዘጋሉ። ሙቀቱ እንደገና ወደ ቀዩ ከሄደ ግን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይጨምሩ፤ የአልሙኒየም ሞተር ራስ አንዴ ከተጣመመ ወጪው ከዚህ ሁሉ ጋር አይነጻጸርም።

ፍሬንዎ የለሰለሰው፣ ሸራዎቹ ካላለቁ፣ በፍሬን ዘይቱ ምክንያት ይመስለኛል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል፤ ውኃ ከገባበት በኋላ ግን መስፈርቱ ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ያን ረጅም ቁልቁለት ፍሬን ተይዞ ሲወርድ የፍሬን መያዣው ሙቀት በቀላሉ ወደዚያ ይደርሳል፤ ዘይቱ ሲፈላ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃልና ፔዳሉ ይሰምጣል። ሳይቀይሩት በድጋሚ ወደ እንጦጦ አይውጡ፤ ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ሲወርዱ ማርሹን በእጅ ወደ ዝቅተኛ አውርደው ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑን አሥር ደቂቃ ከመርገጥ ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ ይሻላል።

የአለቃዬ ትእዛዝና ላቫጆው

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነኝ። የማሽከረክረው ሌክሰስ ነው። አለቃዬ ስብሰባ ሲገቡ መኪናው እንዳይሞቅባቸው ሞተሩን እንዳላጠፋ ያዙኛል፤ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይቆያሉ። ቅዳሜ ደግሞ ሞተሩን ጭምር በግፊት ውኃ እንዳሳጥብ ይፈልጋሉ። ለእኔ ሁለቱም ልክ አልመስል ብለውኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ላይ ልክ ነዎት። ለአለቃዎ በአክብሮት ሊያቀርቡ የሚችሉት ነገር ይህ ነው፦ ትልቅ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ቤንዚን ይበላል፤ የሁለት ሰዓቱ ሥራ በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ባይታይም ለመጀመሪያው ጠያቂ እንደገለጽኩት ዘይቱ ላይ ይቆጠራል። ሊወጡ አምስት ደቂቃ ሲቀራቸው ቢደውሉልዎትና ያን ጊዜ ቢያስነሡት በአዲስ አበባ አየር መኪናው ለመቀዝቀዝ በቂ ጊዜ አለው።

ሞተር በግፊት ውኃ ማጠብን በተመለከተ ግን ማለዘብ አልችልም። ከኮፈኑ ሥር ያሉት የሽቦ መጋጠሚያዎች ዝናብና ፍንጣቂ እንጂ በቅርብ የሚተኮስ ውኃን እንዲችሉ አልተሠሩም። ጥፋቱም በዕለቱ አይታይም፤ ውኃው ካንዴላ ጉድጓድና ሶኬት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት በኋላ ዝገት ሆኖ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ላቫጆውን የሚያስታውስ የለም። እርጥብ ጨርቅና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ከታች በኩል ግን፣ በተለይ ክረምት ላይ ጭቃው እንዳይከማች ደህና አድርገው ያሳጥቡት።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ስለገዛሁት

ጥያቄ፦ ለገሃር አካባቢ ነኝ። በቅርቡ ትልቅ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ከቻይና የመጣ ነው። ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት ስሞላው ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው ሩቡን እንኳ አይሞላም፤ ተታልዬ ይሆን? ከዘይት ከተገላገልኩ ጥገናስ ምን ቀረኝ?

መልስ፦ አልተታለሉም። ከ220 ቮልት ሶኬት 10 አምፔር ቢወስድ የሚያገኙት 2.2 ኪሎዋት ነው፤ 100 ኪሎዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪን ከባዶ ለመሙላት 45 ሰዓት ይፈልጋል። የራሱ መስመርና መቆጣጠሪያ ያለው የግድግዳ ቻርጀር በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስገጥሙ፤ በቤቱ አሮጌ ሽቦና በማራዘሚያ ገመድ ሌሊቱን ሙሉ መሙላት ለእሳት ይዳርጋል። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና መሰኪያው ከአውሮፓው የተለየ ስለሆነ ወደ ሕዝብ መሙያ ከመሄድዎ በፊት የትኛው እንዳለ ይጠይቁ። ባትሪዎ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ አምራቹ በየጊዜው እስከ 100 በመቶ እንዲሞላ ይመክር ይሆናል፤ ሌላው ዓይነት ከሆነ በዘወትር አጠቃቀም 80 በመቶ ላይ ማቆም ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ጥገናውን በተመለከተ፣ ኮምፒውተሩን የሚያነቃው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በእርስዎም መኪና ውስጥ አለ፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሣም። የፍሬን ዘይት፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽና የአየር ፊልትሮም አልቀሩልዎትም። ክብደቱ ከፍ ስለሚል ጎማ ቶሎ ይበላል፤ የጎኑ ከፍታ አነስተኛ የሆነ ጎማ በጉድጓድና በኮብልስቶን ጠርዝ ላይ ስለሚያብጥ በሳምንት አንዴ በዓይንዎ ይዩት። ጎሚስታው ጎማ ሲያወልቅ በመንፊያው ሥር የነፋስ መለኪያ ሴንሰር መኖሩን አስቀድመው ይንገሩት፤ በብረት ማላቀቂያ የሚሰበረው ሁልጊዜ እሱ ነው። ከሁሉ የሚረሳው ግን ፍሬኑ ነው፦ መኪናው ፍጥነቱን የሚቀንሰው በሞተሩ ኃይል እየመለሰ ስለሆነ የፍሬን ዲስኮቹ ሥራ ፈትተው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ይዝጋሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ መንገዱ ነጻ በሆነበት ሰዓት፣ ከኋላ የሚከተልዎት አለመኖሩን በስፖኪዮ አይተው ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠበቅ አድርገው ይርገጡት።